በአሮጌ ስልክ ላይ ባክአፕ መመለስ፦ ከመጫናችሁ በፊት አንብቡት

ካኩማ ውስጥ ስልክ መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ የተሰበረ ስክሪን አይደለም። «ስልኬ ሞተ፤ ይቺን አሮጌ ሰው ሰጠኝ፤ የነበረኝን ሁሉ መልስልኝ» የሚለው ነው። ስልክ ቁጥር፣ የዋትሳፕ መልእክት፣ የልጅ የልደት ካርድ ፎቶ፣ የቀጠሮ ወረቀት፣ የቤተሰብ ድምፅ። እኛ ዘንድ ስልክ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። የቤተሰብ አልበምም፣ የወረቀት ማህደርም እሱው ነው።

እስካሁን ካየሁት የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ይኼ ነው፦ ብዙ ጊዜ ዕቃው የሚጠፋው ስልኩ ሲሰበር አይደለም። ስልኩ ሲሰበር ቅጂው ሌላ ቦታ ይኖራል። የሚጠፋው ለመመለስ ስንጣደፍ ነው። ስልኩ ይጠይቀናል፣ ሳናነብ እንጫናለን፣ አለቀ።

እኔም ራሴ በዚህ ከስሬያለሁ። ስልኬ ሲሞት አንድ አሮጌ ስልክ ገዛሁና ዋትሳፕ ጫንኩ። «ባክአፕ ተገኝቷል፣ ይመለስ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኔትወርኩ ደካማ ስለነበር «በኋላ እመለስበታለሁ» ብዬ ስኪፕ የሚለውን ነካሁ። በኋላ የሚባል ነገር የለም። ለሳምንታት ስጠቀምበት አዲሱ ባዶ ባክአፕ በአሮጌው ላይ ተጻፈበት። ከእናቴ ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ፣ ከማረፏ በፊት የላከችልኝ መልእክትም ጭምር፣ በዚያው ቀረ። ድምፇን እንዴት እንዳገኘሁት ወደ ታች እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ፦ ቅጂው የት ነው? ቁልፉስ ምንድን ነው?

እያንዳንዱ ቅጂ የራሱ ቁልፍ አለው። ቁልፉን ሳትይዙ አትጀምሩ።

- ሲም ካርድ ላይ ያለ ስልክ ቁጥር፦ ቁልፉ ራሱ ሲም ካርዱ ነው። ሲም ላይ ቁጥር እንጂ ፎቶም መልእክተ ዋትሳፕም አይቀመጥም።
- ሚሞሪ ካርድ ላይ ያለ ፎቶና ፋይል፦ ቁልፉ ካርዱ ነው።
- ጉግል ላይ ያለ ስልክ ቁጥር፣ ፎቶና ባክአፕ፦ ቁልፉ የጂሜይል አድራሻውና ፓስወርዱ ነው።
- የዋትሳፕ ባክአፕ፦ ቁልፉ ሁለት ነው። ባክአፑ ሲሠራ የነበረው ያው ስልክ ቁጥር፣ እና ያው የጂሜይል አካውንት።
- ቴሌግራም፦ ቁልፉ ስልክ ቁጥሩ ነው። ተጨማሪ ፓስወርድ ካስገባችሁበት እሱም ያስፈልጋል።

አንድ ጋሼ መጥተው «ጂሜይል የለኝም» አሉኝ። ነበራቸው። የመጀመሪያውን ስልክ ሲገዙ ሻጩ ከፍቶላቸው ኖሯል፤ አድራሻውን ግን አልነገራቸውም። የሞተው ስልክ ትንሽም ቢሆን ከበራ፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጉግል የሚለውን ንኩ። አድራሻው እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ወዲያው ወረቀት ላይ ጻፉት።

አራት ዝግጅቶች

አንደኛ፣ ቻርጅ። ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን። የአሮጌ ስልክ ባትሪ 30 ፐርሰንት እያለ ድንገት ይጠፋል፤ በመመለስ መሀል ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ነው። ከተቻለ ፓወር ባንክ ላይ ሰክታችሁ ሥሩ።

ሁለተኛ፣ ቀንና ሰዓት። ይኼን ብዙ ሰው አያስበውም። ለረጅም ጊዜ ባትሪው አልቆ የተቀመጠ ስልክ ሲበራ ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ደግሞ አንዳንዶቻችን ስልኩን በኛ ዘመን አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በሀበሻ ሰዓት እንሞላዋለን። ስልኩ ግን በፈረንጅ ነው የሚያስበው። ዓመቱን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ካደረጋችሁት ጉግል አይከፍትላችሁም፤ ዋትሳፕም «ቀኑ ትክክል አይደለም» ብሎ ይቆማል። ሰው ይኼን «ኔትወርክ የለም» ብሎ ይተወዋል። ሴቲንግ ውስጥ ቀንና ሰዓቱን «ራሱ ይሙላ» የሚለው ላይ አድርጉት።

ሦስተኛ፣ ቦታ። 8 ጂቢ ያለው ስልክ ላይ የ20 ጂቢ ባክአፕ አይገባም። አስቀድማችሁ ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ የሚለውን እዩ። የማትፈልጉትን አፕ አውጡ።

አራተኛ፣ ሚሞሪ ካርድ። ካርዱን አሮጌው ስልክ ውስጥ ስትከቱት «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ከጠየቃችሁ እሺ አትበሉ። ፎርማት ማለት ማጥፋት ነው። ካርዱ ላይበላሽ ይችላል፤ ስልኩ ማንበብ አቅቶት ነው። ብዙ አሮጌ ስልኮች የሚያነቡት እስከ 32 ጂቢ ያለውን ካርድ ብቻ ነው፤ 64 ጂቢና ከዚያ በላይ ያለው በሌላ አሠራር ስለሚዘጋጅ ባዶ ወይም የተበላሸ ይመስላቸዋል። ካርዱን አውጥታችሁ አዲስ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት።

አንድ የማይፈታ ነገር አለ፦ ድሮ ካርዱን እንደ «ውስጣዊ ሚሞሪ» እንዲያገለግል አድርጋችሁት ከነበረ፣ ካርዱ የተቆለፈው በዚያ ስልክ ነው። ሌላ ስልክ ላይ አይከፈትም። የሞተውን ስልክ ለማስነሳት መሞከር ነው ያለው አማራጭ።

ስልክ ቁጥሮች

ቁጥሮቹ ጉግል ላይ ከነበሩ ሥራው ቀላል ነው። በያው ጂሜይል ግቡ፣ ሲንክ የሚለውን አብሩ፣ ጥቂት ጠብቁ። ካልመጡ ሴቲንግ፣ ጉግል፣ ከዚያ ኮንታክት መመለስ የሚለውን ፈልጉ። በስህተት የጠፋ ቁጥር ካለም የጉግል ኮንታክት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ 30 ቀን ይቆያል።

ስልኩ በጣም ያረጀ ከሆነ ጉግል ራሱ አያስገባውም። አንድሮይድ 2.3.7 እና ከዚያ በታች ያሉ ስልኮች ከፈረንጆች መስከረም 2021 ጀምሮ በጉግል አካውንት መግባት አይችሉም። ያኔ መንገዱ እንዲህ ነው፦ በጓደኛ ስልክ ወይም በኮምፒውተር ጂሜይላችሁን ክፈቱ፣ ኮንታክቶቹን ኤክስፖርት አድርጉ፣ የሚወጣው በቪሲኤፍ የሚያልቅ አንድ ትንሽ ፋይል ነው። በብሉቱዝ ወይም በካርድ ወደ አሮጌው ስልክ ላኩት፣ ከዚያ ኮንታክት ውስጥ ገብታችሁ ኢምፖርት በሉ። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ኢንተርኔት አይበላም። ስትጨርሱ ከጓደኛ ስልክ ላይ አካውንታችሁን ማውጣት አትርሱ።

ዋትሳፕ

ብዙ ዕንባ ያየሁት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

ዋትሳፕ ከአንድሮይድ 5.0 በታች ባሉ ስልኮች ላይ አይሠራም። የተሰጣችሁ ስልክ ከዚያ በታች ከሆነ አትልፉ፣ ሌላ ስልክ ፈልጉ።

ባክአፑ ጉግል ላይ ከሆነ፦ መጀመሪያ ያንኑ ጂሜይል ስልኩ ላይ አስገቡ። ከዚያ ዋትሳፕ ጫኑ፣ ያንኑ ቁጥር አረጋግጡ። ባክአፑን ሲያገኘው ሪስቶር በሉ። ጽሑፉ ቀድሞ ይመጣል፣ ፎቶና ድምፅ ቀስ እያለ ይከተላል። ከዋይፋይ አትራቁ። ባክአፕ አላገኘሁም ካለ ቀጥል አትበሉት፤ ወጥታችሁ ጂሜይሉና ቁጥሩ ትክክል መሆናቸውን እዩ።

ባክአፑ ስልኩ ውስጥ ብቻ ከሆነ፦ ዋትሳፕ በየቀኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኩ ውስጥ ቅጂ ያስቀምጣል፤ እስከ ሰባት ቀን ያለውን ይይዛል። የሞተው ስልክ ከበራ «ዋትሳፕ» የሚለውን ፎልደር ሙሉውን ወደ ካርድ ገልብጡ። በአሮጌ ስልኮች ፎልደሩ ውጪ ላይ ይታያል። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በላይ ላይ ግን «አንድሮይድ» ከሚለው ፎልደር ውስጥ፣ «ሚዲያ» ከሚለው ሥር ነው። ወደ አዲሱ ስልክ ስትገለብጡትም የዚያን ስልክ ቦታ ተከተሉ። ይኼን ሁሉ የምታደርጉት ቁጥራችሁን ከማረጋገጣችሁ በፊት ነው።

የፋይሎቹ ስም ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ነው። 2024 ብሎ 03 ብሎ 05 ካለ የኛ የካቲት 26 ቀን 2016 ነው። የቅርብ ቀኑን ፋይል አጥፍታችሁ የሩቁን እንዳታስቀሩ።

ስኪፕ ከተጫናችሁ፦ አትደንግጡ፣ ግን አትጠቀሙበት። መልእክት አትላኩ። አዲስ ባክአፕ ሳይሠራ፣ ማለትም ሌሊቱ ሳይመጣ፣ ዋትሳፕ የሚለውን ፎልደር ወደ ካርድ ገልብጡ፣ ከዚያ አፑን አውጥታችሁ እንደገና ጫኑት። ጥያቄው ተመልሶ ይመጣል። እኔ ይኼን ባውቅ ኖሮ በዚያው ቀን ይፈታ ነበር።

ፓስወርድ ካስገባችሁበት፦ ዋትሳፕ ከ2021 ጀምሮ ባክአፑን በፓስወርድ ወይም ባለ 64 አሃዝ ቁልፍ መቆለፍ ያስችላል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከረሳችሁት እኔም አልከፍተው፣ ኩባንያውም አይከፍተው። «እከፍታለሁ» ብሎ ብር የሚቀበላችሁ ሰው እያታለላችሁ ነው። ባለ ስድስት አሃዙን ፒን ከረሳችሁ ግን ሌላ ነው፤ ኢሜይል ባታስገቡ እንኳ ሰባት ቀን ጠብቃችሁ መቀየር ትችላላችሁ።

አሁን የእናቴን ድምፅ ነገር። ዋትሳፕ ጽሑፉን ይቆልፋል፤ ፎቶና የድምፅ መልእክት ግን በፎልደሩ ውስጥ እንደ ተራ ፋይል ነው የሚቀመጡት። እኔ ከዚያ በፊት ስልኬ ሲሞላብኝ ያንን ፎልደር ወደ ካርድ ገልብጬው ነበር፣ ረስቼዋለሁ። ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ስከፍት «ቮይስ ኖት» የሚል ፎልደር ውስጥ በሳምንት በሳምንት ተከፋፍለው አገኘኋቸው። የማን እንደሆነ አይጽፍም፤ ስማቸው ላይ ቀን ብቻ ነው ያለው። አንድ በአንድ ከፍቼ አዳመጥኩ። ጽሑፉ አልተመለሰም፤ ድምፇ ግን አለ። እናንተም ጽሑፉ ጠፋ ተብሎ ከተነገራችሁ ካርዱንና ፎልደሩን ሳታዩ አትጣሉ።

የአገር ቤት ሲም ላላችሁ

ብዙዎቻችን ዋትሳፓችን አሁንም በኢትዮጵያ ቁጥር ነው። ስልኩ እስካለ ድረስ ያለ ሲሙም ይሠራል። ስልኩ የሞተ ቀን ግን ማረጋገጫ ኮዱ ወደዚያ ቁጥር ይላካል፣ ሲሙ ደግሞ እዚህ ኔትወርክ አይዝም፣ ወይም ሳይሞላ ቆይቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ያኔ ባክአፑ እያለ ቁልፉ የለም።

መፍትሔው ስልኩ በሕይወት እያለ ነው። ዋትሳፕ ሴቲንግ፣ አካውንት፣ ቁጥር መቀየር የሚለውን ግቡና አሁን ወደምትጠቀሙበት የአካባቢ ቁጥር አዛውሩት። ኮዱ የሚመጣው ወደ አዲሱ ቁጥር ነው፤ አሮጌው ኤስኤምኤስ መቀበል አይጠበቅበትም። ካዛወራችሁ በኋላ አዲስ ባክአፕ ሥሩ። አምስት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው። ቴሌግራም ላይም እንዲሁ ቁጥር መቀየር ይቻላል።

ቴሌግራም

ይኼኛው ያርፋል። ተራ ቻቱ የሚቀመጠው ራሱ ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስለሆነ ባክአፕ የሚባል ነገር የለውም፤ በቁጥሩ ስትገቡ ሁሉም ይመጣል። ሁለት ነገር ብቻ እወቁ። ሲክሬት ቻት የተባለው ከነበረበት ስልክ አይወጣም፤ ስልኩ ከሞተ እሱም ሞቷል። ሌላ ስልክ ላይ ገብታችሁ ከነበረ ደግሞ ኮዱ የሚመጣው በኤስኤምኤስ ሳይሆን እዚያ ስልክ ላይ ባለው ቴሌግራም ነው። የዘመድ ስልክ ላይ ገብታችሁ ረስታችሁት እንደሆነ እዚያ እዩ።

ፎቶና ሰነድ

ጉግል ፎቶ ላይ የተቀመጠ ፎቶ መመለስ አያስፈልገውም፤ በጂሜይሉ ስትገቡ ይታያል። የምትፈልጉትን ብቻ አውርዱ፣ አሮጌው ስልክ ሁሉንም አይችልም። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ስልኩ ሲሞላ ሰው ጉግል ፎቶ ውስጥ ገብቶ ያጠፋል፣ «ጉግል ላይ አለ» ብሎ። እዚያ ስታጠፉት ከሁለቱም ነው የሚጠፋው። ስልኩን ብቻ ለማቅለል «ቦታ ነፃ አድርግ» የሚለውን ተጠቀሙ። ካጠፋችሁም ባክአፕ የነበረው ፎቶ 60 ቀን መጣያው ውስጥ ስለሚቆይ ከዚያ በፊት መልሱት።

የስልኩ ሙሉ ባክአፕ

ስልኩ መጀመሪያ ሲነሳ «ከድሮው ስልክ ልመልስ?» የሚለው ነው። አሮጌ ስልክ ላይ ይኼ ብዙ ጊዜ አይሠራም፣ ምክንያቱም ከአዲስ አንድሮይድ የተወሰደ ባክአፕ ወደ አሮጌ አንድሮይድ አይመለስም። ከ12 ወደ 9 መመለስ የለም። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም፤ ደጋግማችሁ ሪሴት አታድርጉ። ቁጥሩን፣ ፎቶውን፣ ዋትሳፑን ከላይ እንዳልኩት ለየብቻ መልሱ።

የጊዜ ገደብም አለው። ስልኩን 57 ቀን ካልተጠቀማችሁበት ጉግል ይኼን ባክአፕ ሊያጠፋው ይችላል። አካውንቱ ራሱ ሁለት ዓመት ሙሉ ካልተነካም ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ስልክ እስክታገኙ ድረስ በሰው ስልክም ቢሆን አንዳንዴ ግቡበት።

ያገለገለ ስልክ ስትገዙ

ከአንድሮይድ 5.1 ጀምሮ ስልክ በግድ ሪሴት ሲደረግ የቀድሞውን ባለቤት ጂሜይል ይጠይቃል። ከሻጩ ፊት አብሩት፣ እስከ ዋናው ገጽ ድረስ ይግባ። «ቤት ስትገባ ይከፈታል» ካላችሁ ብራችሁን ያዙ።

ስልኩ በርቶ ስክሪኑ ካልሰማ

ምስሉ ይታያል፣ ጣት ግን አይሰማም? ኦቲጂ የምትባል ትንሽ ገመድ ገዝታችሁ የኮምፒውተር ማውስ ሰኩበት። ብዙ ስልኮች ይቀበላሉ። ቀስቱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ በማውሱ ፓተርኑን ከፍታችሁ ባክአፕ መሥራት ትችላላችሁ። ስክሪን ከመቀየር በብዙ ይረክሳል።

ሌላ ሰው ሲሠራላችሁ

እኔንም ጨምሮ ማንም ጠጋኝ ይሁን፣ አጠገቡ ቁጭ በሉ። ፓስወርዱን ራሳችሁ ጻፉ። የሚመጣውን ኮድ በስልክ ለጠየቃችሁ ሰው አትንገሩ። ስልካችሁ ውስጥ የጥገኝነት ጉዳያችሁ አለ፣ አገር ቤት ያሉ ሰዎች ስምና ፎቶም አለ። የእናንተ ብቻ ሳይሆን የነሱም ደህንነት ነው።

ዛሬ ማታ

ስልካችሁ ደህና ከሆነ ይኼን የምታነቡት በጥሩ ሰዓት ነው። አንድ ወረቀት ውሰዱ። ጂሜይሉን፣ ዋትሳፑ የሚሠራበትን ቁጥር፣ የሦስት ሰው ስልክ ቁጥር ጻፉ። ጉግል ለአካውንታችሁ አሥር መጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፣ እያንዳንዱ ባለ ስምንት አሃዝ ነው፤ ሲም ቢጠፋ በነሱ መግባት ስለሚቻል እነሱንም ገልብጡ። ፓስወርዱን ግን ከዚህ ወረቀት ጋር አታድርጉት። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልላችሁ ከምዝገባ ወረቀታችሁ ጋር አስቀምጡ። ዝናብም እሳትም ስለሚመጣ አንድ ቅጂ ለምታምኑት ሰው ስጡ።

ከዚያ ዋትሳፕ ውስጥ ገብታችሁ የመጨረሻው ባክአፕ መቼ እንደተሠራ እዩ። ወራት ካለፉት አሁኑኑ ሥሩት። አስቀድሞ የተዘጋጀ ሰው ሲመጣኝ ሥራዬ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ሻይ ሳናልቅ የልጆቹ ፎቶ ስክሪኑ ላይ ይወጣል።